ሳህን ላይ የቀረው



በቅርቡ ቦንጋ ውስጥ በአንድ ወሊማ ላይ ተገኝተን ነበር። ምግቡ በቡፌ ቀረበ፤ ተጋባዡም ሳህኑን ቆለለ። እኛም ከሌላው አልተሻልንም፤ ካነሳነው ግማሹን ተውነው። ትርፍራፊው በባልዲ ተሰብስቦ ጉድጓድ ሲደፋ አየን። በማግስቱ አንድ ተማሪያችን ደብተሩ ላይ ተደፍቶ አገኘነው። ብንጠይቀው እራቱንም ቁርሱንም አልበላም። አፈርን።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በባሕር ላይ መዝናኛ መርከቦችም ተሳፋሪው ሂሳቡን አስቀድሞ ስለከፈለ ያለ ልክ ያነሳል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳስታወቀው፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ 60 በመቶው የባከነው ግን በየቤቱ ነው።

በከፋ ምድር እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። የሚፍቁትና የሚያብላሉት እናቶቻችን ናቸው። ቆጮ ስንደፋ የእነርሱን ልፋት እንደፋለን።

ቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ መብላት መጠጣቱን ፈቅዶ ማባከንን ይከለክላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሆዳችን ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ እንድናደርግ መክረዋል። ሀብታም ተጠርቶ ድሃ የሚቀርበትን ወሊማም ነቅፈዋል።

እንግዲህ ጥቂት እናንሳ፤ ካልበቃን እንድገም። ደጋሾችም እጅ ያልነካውን ምግብ ሳይበላሽ ለችግረኛ የሚያደርሱ ወጣቶችን አስቀድመው ይመድቡ። ጥሪውንም ከድሃው ጎረቤት ይጀምሩ።

አላህ (ሱ.ወ.) በማዕዳችን ላይ በረካውን ያውርድልን። አሚን።