ወርቁን ሸሽጎ ልጁን መውቀስ

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚል ሕዝብ፣ ነገሩን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ሲገጥመው ወይ የዋህ ይለዋል፣ ወይ ስድ ይለዋል። በስደት ሀገር አበሻ ቤት የሚያድግ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ይህን ፍርድ የሚቀበለው ገና በለጋነቱ ነው። በእንግድነት በሄደበት ቤት «ትበላለህ?» ሲሉት ወዲያው «አዎ» ይላል፤ መግደርደር የሚባል ነገር አያውቅም። ሲጠግብ «በቃኝ» ይላል፤ ቃሉን የሚያምነው ግን የለም። «በሞቴ!» ሲሉት ደግሞ የምር ሰው ሊሞት ነው ብሎ የሚደነግጥ አለ። ዘመድ «አሳዳጊ የበደለው» እያለ ያማል፣ ወላጅ ይሸማቀቃል፤ ቀስ በቀስም ልጁ ከሠርጉም ከክርስትናውም ይቀራል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ (በ2021 ያረፉት) ከአሜሪካ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የኦቲዝም ማዕከል የከፈቱት ይህን መደበቅ ለመስበር ነበር። ስደተኛው ግን መደበቁን ከሻንጣው ጋር ይዞት መጥቷል።

ሳይንስም ለዚህ ፍርድ ድጋፍ የሰጠ መስሎ ነበር። በ1985 እንግሊዝ ውስጥ ሳይመን ባሮን-ኮኸን፣ አለን ሌስሊና ዩታ ፍሪት በሁለት አሻንጉሊቶች ልጆችን ፈተኑ። ሳሊ ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች፤ አን ብዩን ወደ ሣጥን ታዛውረዋለች። «ሳሊ ስትመለስ ብይዋን የት ትፈልጋለች?» ሲባሉ፣ ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች 16ቱ ሣጥኑን አመለከቱ። እነሱ የሚያውቁትን ሳሊም የምታውቅ መሰላቸው ማለት ነው። «ኦቲዝም ያለበት ሰው የሌላውን ሐሳብ ማንበብ አይችልም» የሚለው አባባል የገነነው ከዚህ በኋላ ነው። 4ቱ በትክክል መመለሳቸውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ችግሩ የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ጥያቄው የማን ችግር ነው የሚለው ነው። አንባቢ አሜሪካ የገባበትን የመጀመሪያ ዓመት ያስታውስ። «እንዴት ነህ?» ያለው ባልደረባ መልስ ሳይጠብቅ ሲያልፍ ግራ ያልተጋባ ማን ነው? «አንድ ቀን ምሳ እንበላለን» ተብሎ ስልክ ሲጠብቅ የከረመስ? አለቃው በፈገግታ የነገረው ነገር ማስጠንቀቂያ እንደነበር ከተባረረ በኋላ የገባውስ ስንቱ ነው? ያን ሰው ግን «የሰው ስሜት አይገባውም» ያለው የለም፤ ለሀገሩ አዲስ ነው ተባለ እንጂ። ፈረንጁም ቢሆን አበሻ በአክብሮት አንገቱን ሲደፋ የሚደብቀው ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል። አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው።

ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚየን ሚልተን በ2012 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ኦቲዝም የሌለበትም ሰው ኦቲዝም ያለበትን ሰው ማንበብ ያቅተዋል። በ2020 ካትሪን ክሮምፕተንና ባልደረቦቿ 8፣ 8 ሰው እያሰለፉ አንድን ታሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው አስተላለፉ። ኦቲዝም ያለባቸው ብቻቸውን ሲሰለፉ ከሌሎቹ እኩል አደረሱት፤ ታሪኩ ይበልጥ የጎደለው በቅልቅሉ ሰልፍ ነበር። በ2025 በወጣውና 311 ሰዎች በተሳተፉበት ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ቅልቅሉም ልዩነት አላሳየም። ልብ መባል ያለበት፣ የተላለፈው በቀጥታ የተነገረ ታሪክ እንጂ አሽሙር አልነበረም።

እንግዲህ ሸክሙ ለአንድ ልጅ ብቻ ለምን ይተዋል? ቅኔው ይቅር ያለ የለም፤ ውስጠ ወይራ ነገር ግን ለሚያጣጥመው ይቀመጥ። በተለይ የሰው ተንኮል በሚያሰጋበት ጊዜ ሽፍንፍን ያለ ምክር ጉዳት አለው። ለአካለ መጠን ለደረሰ ልጅ «ከሰው ተጠንቀቅ» ማለት ምንም አይነግረውም። «ጓደኛ ነኝ ቢልህም የባንክ ካርድህን አትስጥ፤ ያልገባህን ወረቀት ለእናትህ ሳታሳይ አትፈርም፤ ፖሊስ ካስቆመህ እጅህን ኪስህ አትክተት» ቢባል ግን ሊይዘው ይችላል።

አሜሪካ ላለ ወላጅ ሌላም በር አለ። የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግ ከ1990 ጀምሮ ኦቲዝምን በስም ጠቅሶታል። ወላጅ ልጁ ያለ ክፍያ እንዲመረመር፣ እንዲህ ያለውም ትምህርት በልጁ የትምህርት ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ መጠየቅ ይችላል፤ በዕቅዱ ስብሰባ ላይ ለሚያስፈልገው ወላጅ አስተርጓሚ ማቅረብም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ ቀን ይጻፍበት፤ ቅጂውም ቤት ይቀመጥ።