«ዊኪፒዲያ ታሪካችንን ሰረዘብን» ከማለታችን በፊት

ወገን፣ ስለ ዓድዋ ወይም ስለ ውጫሌ ውል ዊኪፒዲያ ላይ አንድ አንቀጽ ጽፎ በነጋታው ሲጠፋበት «ሆን ብለው ነው!» እያለ ስክሪንሾት የሚለጥፍ ልጅ ሞልቷል። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ወንድሜ፣ እህቴ፣ ምንጭ አስቀምጣችሁ ነበር ወይ?

ሕጉ እኮ የተደበቀ አይደለም። ሁሉም ዓረፍተ ነገር ምንጭ ይጠየቅበታል ማለትም አይደለም። ፓሪስ የፈረንሳይ ዋና ከተማ ናት ለማለት ማንም መጽሐፍ አይጠቅስም። ሰው የሚከራከርበት ወይም ሊከራከርበት የሚችል ነገር ሲሆን፣ የሰው ንግግርም ቃል በቃል ሲጠቀስ ግን ምንጩ እዚያው መቀመጥ አለበት። ማስረጃ የማምጣት ዕዳውም የጻፈው ወይም የተሰረዘውን የመለሰው ሰው ነው፤ የሰረዘው አይደለም።

በሕይወት ስላለ ሰው ከሆነማ ጭራሽ አይጠብቁም፤ ምንጭ የሌለው ክስ ወዲያው ይነሳል። በ2005 እ.ኤ.አ. ጆን ሲገንታለር የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል ውሸት ተጽፎበት ለአራት ወር ያህል ሳይነካ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ውሸት በእኛ ሰው ላይ ሲጻፍ የምናስነሳው በዚሁ ሕግ ነው።

አሁን የውጫሌን አንቀጽ 17 እንውሰድ። «ጣሊያን አታለለን» ብቻ ብለህ ብትጽፍ ወይ ይሰረዛል፣ ወይ «ምንጭ ይጠቀስ» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ ይችላሉ ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎታል። ስቬን ሩበንሰን ይህንን በ1964 እ.ኤ.አ. ጆርናል ኦፍ አፍሪካን ሂስትሪ ላይ መርምሮ ጽፎበታል። እሱን ጠቅሰህ ከጻፍክ ምክንያት የሚጠየቀው ሰራዡ ነው።

ምንጩ የግድ እንግሊዝኛ መሆን የለበትም። የታተመ የአማርኛ መጽሐፍም ይቆጠራል፣ ኢንተርኔት ላይ ባይኖር እንኳ፤ ገጹን በትክክል መጥቀስ ነው። የፌስቡክ ፖስት ግን አይሆንም (የኛንም ፔጅ ጨምሮ፣ እንዳታሳፍሩን)።

አንድ ነገር ላይ ግን ቅር ይለኛል። አያቶቻችን በቃል ያወረሱን፣ ያልታተመ ታሪክ እዚያ ቦታ የለውም። መጀመሪያ ሌላ ቦታ መታተም አለበት። ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥን ልጆች ጊዜው አለን፦ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉብን እንቅዳ፣ እንጻፍ፣ አሳታሚ እንፈልግ። እስከዚያው አዲስ አበባ ያላችሁ ወመዘክር ግቡ። ምንጭ የጎደለው ጽሑፍ ያገኘ ርዕሱን፣ መጽሐፉ እጁ ላይ ያለ ደግሞ የገጹን ቁጥር ኮሜንት ላይ ያስቀምጥልን።