የአከራዮች መዝገብ ይኑረን



ከግቢ ውጭ ተከራይተን የምንማረው ጥቂት አይደለንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ከተራዊሕ ስንመለስ በሩ ተቆልፎ እንዳይጠብቀን፣ ለሱሑር ስንነሳ ምድጃ እንዳንከለከል ግን አዋጅ አያዝልንም። ይህ በአከራዩ ፈቃድ የሚያልቅ ነገር ነው።

በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ ዩኒፖል የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት አከራዮች በፈቃዳቸው የሚገቡበት ደንብ አለው፤ ደንቡ ሲጣስ ተማሪው ቅሬታ ያቀርባል። የእኛም ጀመዓ የአንድ ገጽ ስምምነት አዘጋጅቶ ፈቃደኛ አከራዮችን ቢያስፈርምስ? የበር ሰዓት፣ የዉዱእ ውሃ፣ የሌሊት ማብሰያ፣ መያዣው የሚመለስበት ቀን ይጻፍበት። ከደላላም እንገላገላለን።

መዝገቡ የሙስሊም አከራዮች ብቻ ይሁን የሚሉ አሉ፤ አንስማማም። ቃሉን የሚጠብቅ ክርስቲያን አከራይ ይግባ፣ ቃሉን ያፈረሰ ሐጂም ይሰረዝ። መሰረዝ ካፈርን ወረቀቱ ለአከራዩ ነጻ ማስታወቂያ ነው። እኛም ኪራዩን በቀኑ ልንከፍል፣ ክፍሉን እንደተረከብነው ልናስረክብ እንፈርም።

ረመዷን ከመግባቱ በፊት አምስት አከራይ ብናገኝ ለመጀመሪያ ይበቃናል።