ቻይ ዘር ብቻውን የጎጃምን አፈር አያድነውም

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጎዛምንና በማቻክል፣ አሲዳማ አፈር ላይ የበቀለን ገብስ ከነሥሩ ነቅሎ ያየ ሰው ችግሩን በዓይኑ ያገኘዋል። ሥሩ አጭርና ወፍራም፣ ጫፉ የጠቆረ፣ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያጣ ነው። ለዘመናት የወረደው ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወስዶታል፤ በየዓመቱ የሚጨመረው ዩሪያም አሲዳማነቱን ያባብሳል። የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመርዛል፤ በሴሎቹ ውስጥም ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ይበዛሉ። ተክሉ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለው ኢንዛይም ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ሱፐርኦክሳይድን ወደ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ካታሌዝ ደግሞ ያንን ወደ ውኃና ኦክስጅን ይፈታዋል። ቫይታሚን ሲና ግሉታታዮንም ያግዛሉ። የሚያስደንቀው ልኩን ማወቁ ነው፦ እነዚሁ ጎጂ ነገሮች በጥቂቱ ሲኖሩ መከላከያውን የሚቀሰቅሱ ምልክቶች ስለሆኑ፣ ተክሉ ከልክ እንዳያልፉ ይገታቸዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋቸውም።

ይህ ሁሉ ግን በነጻ አይገኝም። ኢንዛይሙን ለመሥራት፣ ግሉታታዮኑን ለማደስ፣ አሉሚኒየሙን ለመያዝ ከሥር የሚወጣውን ሲትሬት ለማምረት የሚወጣው ስኳርና ናይትሮጅን ፍሬ ሊሞላ ይችል የነበረ ነው። ስለዚህ አሲዳማነትን የሚቋቋም ቻይ ዘር ማከፋፈልን ብቻውን እንደ መፍትሔ ማቅረብ ወጪውን ከመንግሥት በጀት አውርዶ በገበሬው አዝመራ ላይ መጫን ነው ብዬ አምናለሁ። ቻይ ዘር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን የጂን ባንክ የተሰበሰበው የገብስ ዘር ትልቅ ሀብት ነው፤ የአዴት የምርምር ማዕከልም ሊፈትሸው ይገባል። ዘሩ የሚያዋጣው ግን ኖራ ካገኘ አፈር ጋር ነው። ኖራ አሉሚኒየሙን ከሥሩ መንገድ ያነሳል፤ ገበሬው በብድር የገዛው የማዳበሪያ ፎስፈረስም በአሉሚኒየም ተይዞ እንዳይቀር ይረዳል።

ጭንቀት ያየ ተክል አንቲኦክሲዳንቱ ስለሚበዛ ለበላተኛው ይጠቅማል የሚሉ አሉ። እዚህ የሚሠራው መከላከያ ግን በዋናነት ሥር ላይ ነው፤ ሥሩን የሚበላው ደግሞ የለም። በምሳሌነት የሚነሳው የቀይ ጤፍ አንቲኦክሲዳንት፣ ፖሊፊኖልም በአብዛኛው የዝርያው ስጦታ ነው፤ ለዚያ ሲባል አፈር መጉዳት አያስፈልግም። ከባዱ መከራከሪያ ሌላ ነው፦ አንድ ሄክታር በርካታ ኩንታል ኖራ ይጠይቃል፤ በአህያ ጭኖ ማድረስ ደግሞ ከኖራው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተጨመረ ኖራ ለበርካታ ዓመታት ያገለግላል፤ በዘር መስመር ሲጨመርም መጠኑ ይቀንሳል። በማሳው ሁሉ የሚበተነው ኖራ ግን ከዘር በፊት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከአፈር ጋር መታረስ ስላለበት፣ የገብሱ ኖራ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን፣ ከግንቦት በፊት ቀበሌ መድረስ ይኖርበታል።