ነጻ ቪፒኤን መላክ ዘመድ መርዳት አይደለም



ዛሬ የምጽፈው ነገር አንዳንዶቻችሁን ላያስደስት ይችላል። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም በተዘጋ ቁጥር እዚህ እስራኤል ባሉት የዋትሳፕ ቡድኖቻችን አንድ ዓይነት መልእክት ይዞራል። «ጎንደርና አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቻችሁ ይህን ነጻ ቪፒኤን ላኩላቸው፤ በፍጥነት ይሠራል፤ ለሌሎችም አስተላልፉ!» ይላል። መልእክቱን ማን እንደጻፈው አይታወቅም። የቪፒኤኑ ባለቤት ማን እንደሆነም የሚጠይቅ የለም። ላኪው ግን ዘመዱን የረዳ መስሎት ደስ ብሎት ይተኛል። እኔ ይህ እርዳታ አይደለም እላለሁ። ባለቤቱ የማይታወቅ ቪፒኤን ለዘመድ መላክ ዘመድን ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

መጀመሪያ ስለ መዘጋቱ እንነጋገር (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በኢትዮጵያ ኢንተርኔት የሚዘጋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መርጦ መዝጋት ነው። በ2006 መንግሥትን የሚተቹ ድረ ገጾችና ብሎጎች ተዘጉ። በ2018 መንግሥት ራሱ ከ260 በላይ ድረ ገጾችን ከፈትኩ ሲል ስንቱ ተዘግቶ እንደኖረ ሁሉም አወቀ። በየካቲት 2023 ደግሞ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መከፋፈል በተነሣ ጊዜ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው አምስት ወር ያህል ቆዩ።

ሁለተኛው መንገድ መስመሩን ከነጭራሹ መቁረጥ ነው። በሰኔ 2020 መጨረሻ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቷል። ትግራይ ከኅዳር 2020 ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ከዓለም ተቆርጣ ኖራለች። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ውጊያ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። እስራኤል በዚያው ወር ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን በአውሮፕላን ስታወጣ እዚህ ያለው ቤተሰብ ማን ወጣ፣ ማን ቀረ እያለ እንዴት እንደተጨነቀ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህን ልዩነት ያነሣሁት በምክንያት ነው። ቪፒኤን የሚጠቅመው መርጦ ለተዘጋው ብቻ ነው። መስመሩ ከተቆረጠ የዓለም ምርጡ ቪፒኤን ቢኖርም መንገድ በሌለበት መኪና እንደመግዛት ነው። «ይህን ከጫንክ ከእኛ ጋር አትቆራረጥም» ብላችሁ ለዘመድ የምትምሉ ሰዎች እባካችሁ አትማሉ!

ለመሆኑ ቪፒኤን ምን ይሠራል? ዘመዳችሁ ደብዳቤውን በሁለተኛ ፖስታ አሽጎ ውጭ አገር ላለ አንድ ሰው ይልካል እንበል። ያ ሰው የላይኛውን ፖስታ ከፍቶ ደብዳቤውን ወደሚፈለገው ቦታ ያደርሳል። ቴሌ የሚያየው የላይኛውን ፖስታ ብቻ ስለሆነ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ነገሩ ይኸው ነው። ነገር ግን ቴሌ ያይ የነበረውን አሁን የሚያየው ያ መካከለኛ ሰው ነው። የደብዳቤውን ሆድ ባያነብ እንኳ ለማን እንደተላከ፣ በስንት ሰዓት እንደተላከ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደተላከ ያያል። ስለዚህ ቪፒኤን የሚያየውን ዓይን አያጠፋም፤ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ። አያቶቻችን ይህን ነገር በአንድ ቃል ይጠሩታል፤ አደራ ይሉታል። አደራ ደግሞ ለማንም አይሰጥም።

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ዛሬም የጋሻና የቁልፍ ሥዕል ለጥፎ፣ «ነጻ ነኝ፣ ፈጣን ነኝ» እያለ ስልካችን ላይ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚል ብዙ ነው። ግን አስቡት፤ ኮምፒውተር መከራየት ገንዘብ ነው፣ መስመርም ገንዘብ ነው፣ ሠራተኛም ደመወዝ ይፈልጋል። ማን ነው የሚከፍለው? በ2016 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች 283 የአንድሮይድ ቪፒኤኖችን መርምረው ነበር። ከመቶው 38ቱ ውስጥ የጎጂ ፕሮግራም ምልክት አግኝተዋል። ከመቶው 18ቱ ደግሞ የሚያልፍባቸውን ነገር ጨርሶ አያሽጉም ነበር! ፖስታው ክፍት ነው ማለት ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እኛን የእስራኤል ነዋሪዎችን በተለይ ሊያሳስበን የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የዚህ ገበያ አንድ ክፍል የተወለደው እዚሁ ሰፈራችን ነው። ኦናቮ የሚባለው ቪፒኤን እዚህ ተፈጥሮ ፌስቡክ በ2013 ገዛው። ሰው ይጠብቀኛል ብሎ ሲጭነው ፌስቡክ ሰዎች በስልካቸው ምን ምን እንደሚጠቀሙ ያይበት ነበር። በ2018 ከአፕል መደብር ወጣ፣ በ2019 ተዘጋ። ሆላ የሚባለውም የእስራኤል ኩባንያ ነው። በ2015 እንደታወቀው፣ በነጻ የሚጠቀሙትን ሰዎች መስመር ለሌላ ከፋይ ደንበኛ ይሸጥ ነበር። የማይታወቅ ሰው በዘመዳችሁ መስመር አልፎ የፈለገውን ሊሠራ ይችላል፤ አድራሻው ሲፈለግ የሚገኘው ግን የዘመዳችሁ ነው!

«እሺ፣ ነጻውን እንተወው፤ ምርጥ አሥር ቪፒኤኖች የሚል ዝርዝር አይተን እንገዛለን» የሚል አለ። ቀስ በሉ! ድሮ ክሮስራይደር ይባል የነበረው፣ ማስታወቂያ በግድ በሚያስገቡ ፕሮግራሞች ስሙ የተነሣው የእስራኤል ኩባንያ በ2018 ስሙን ለውጦ ኬፕ ሆነ። በ2021 ኤክስፕረስ ቪፒኤንን በ936 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያ በፊት ሌሎች የታወቁ ቪፒኤኖችንም ገዝቶ ነበር። በዚያው በ2021 ቪፒኤን እያወዳደሩ ደረጃ የሚሰጡ ድረ ገጾችን የያዘውን ኩባንያም ገዛ። ይህ ብቻውን ሌቦች ናቸው አያሰኝም፤ እንዲያም አልልም። ነገር ግን በሬ ሻጩና የበሬውን ጥርስ አይቶ የሚመሰክርላችሁ ሰው ከአንድ ቤት ከወጡ ምስክርነቱን ትቀበላላችሁ? እኔ አልቀበልም።

ታዲያ በምን እንምረጥ? እኔ አራት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ባለቤቱ በስም ይታወቃል ወይ? ገንዘቡን ከየት ያገኛል? የውጭ መርማሪ አይቶታል ወይስ የራሱን ወሬ ብቻ ነው የምንሰማው? በኢትዮጵያ መስመር ላይስ ያልፋል ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላቸው አሉ። የስዊድኑ ሙልቫድ በወር 5 ዩሮ ነው፤ ስም አይጠይቅም፣ ኢሜይል አይጠይቅም። በሚያዝያ 2023 የስዊድን ፖሊስ የፍተሻ ትእዛዝ ይዞ ቢሮው መጣ፤ የሚወሰድ የደንበኛ መረጃ ስላልነበረ ባዶ እጁን ተመለሰ። «መረጃ አንይዝም» ማለት ቀላል ነው፤ ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ሲረጋገጥ ግን ሌላ ነው። ገንዘብ ለሌለው የስዊዘርላንዱ ፕሮቶን ነጻ ክፍል አለው፤ ወጪውን የሚሸፍኑት የሚከፍሉት ደንበኞች ስለሆኑ ከየት እንደሚበላ ይታወቃል። ሳይፎን ደግሞ ሥሩ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዋና ሥራው ግድግዳ አልፎ ማለፍ እንጂ ማንነትን መደበቅ አይደለም። ይህንንም ለዘመዳችሁ ንገሩት። አራተኛዋን ጥያቄ አትናቋት፤ በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ ቶር የሚባለው መደበቂያ የተዘጋው የሚያልፈውን ነገር ዘልቆ በሚመረምር መሣሪያ ነበር። ስለዚህ ሌላ መስሎ ማለፍ የሚችል ይመረጣል።

አሁን ደግሞ ወደሚሞግቱኝ ልመለስ። አንዱ «እኛ ምን የሚደበቅ ነገር አለን? ዘመዴ ሠርግና ለቅሶ ነው የሚነግረኝ» ይለኛል። ወንድሜ ሆይ፣ ታሪካችንን ረሳህ? በኅዳር 1984 የተጀመረው ዘመቻ ሙሴ 8,000 ገደማ ወገኖቻችንን ከሱዳን ካወጣ በኋላ በጥር 1985 መጀመሪያ ለምን ቆመ? ወሬው አደባባይ ስለወጣ ነው! ሱዳን በረራውን አስቆመች፤ የቀሩት በየካምፑ ቀሩ። በመጋቢት 1985 በአሜሪካኖች እጅ 500 ገደማ ሰዎች እስኪወጡ ድረስ ስንቱ ቤተሰብ ተለያይቶ ቆየ! ምስጢር ማለት ወንጀል ብቻ የሚመስለው ሰው ከሱዳን ያልመጣ ወይም ወላጆቹን ጠይቆ የማያውቅ ነው።

ሌላው «እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል» ይላል። አሜን! ግን ኦሪት ለዕውር እንቅፋት ማስቀመጥን ከልክላለች። ሊቃውንቱም ሲተረጉሙት፣ ለማያውቅ ሰው መጥፎ ምክር መስጠት በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ይገባል አሉ። ስለማያውቀው ነገር «ይህን ጫን» ብሎ መምከር ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ደግሞም ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት በጀርመን አገር የኖሩት ረቢ ጌርሾም በስማቸው በሚታወቀው ደንብ የሌላውን ሰው ደብዳቤ ያለፈቃድ መክፈት ተከልክሏል። ጎንደር የነበሩት አባቶቻችን ይህን ደንብ አልሰሙም ነበር፤ የሰውን ምስጢር ማክበርን ግን ከማንም አልተማሩም።

ሦስተኛው ሙግት ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ «ቪፒኤን ራሱ ዘመዴን ሊያስጠረጥረው ይችላል» የሚል። ይህ እውነት አለው። በሚያዝያ 2014 የታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን ክስ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ በኢንተርኔት ራስን የመጠበቂያ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። በ2015 ነጻ ቢወጡም እስሩን ቀምሰውታል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ዘመዳችሁን ጠይቁት። ኑሮውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ አደጋውንም የሚሸከመው እሱ ነው። እኛ ሬሆቮት ወይም አሽዶድ ተቀምጠን በእሱ ጀርባ ጀግና መሆን የለብንም።

ቪፒኤን ስልክ ውስጥ የገባ ሰላይንም አያስወጣም። በታኅሣሥ 2017 ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ ተቋም እንዳጋለጠው፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመንግሥት ተቃዋሚዎች የተሰለሉበት ፕሮግራም የተሠራው በእስራኤሉ ሳይበርቢት ነበር። የቪዲዮ ማጫወቻ ማደሻ መስሎ በኢሜይል ይመጣላቸው ነበር። ያልጠበቃችሁትን ማያያዣ አትክፈቱ፣ አታስተላልፉም። በዋትሳፕ የሚዞረው የቪፒኤን ማያያዣም ከዚህ በምን ይለያል?

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኛ ገንዘብም ነጻነትም አለን፤ እነሱ ሁለቱም ይጎድላቸዋል። ስለዚህ የመምረጡና የመክፈሉ ሥራ የእኛ ነው። በካርቲስ አሽራይ በወር 20 ሸቀል ገደማ ለዘመድ መክፈል ለአብዛኞቻችን አይከብድም። ኮምፒውተር የሚያውቁ ልጆቻችን ደግሞ፣ ያኔ የጉግል እህት ኩባንያ የነበረው ጂግሶ በ2018 ባወጣው አውትላይን በተባለው መሣሪያ የተከራዩትን ኮምፒውተር ለቤተሰብ ብቻ የሚሆን ቪፒኤን ማድረግ ይችላሉ። ያኔ አደራ ተቀባዩ የማይታወቅ ኩባንያ መሆኑ ቀርቶ የገዛ ልጃችሁ ይሆናል። ይህም ሁሉ ሰላም በሆነበት ቀን ይሠራ፤ ከተዘጋ በኋላ ማውረጃውም አብሮ ሊዘጋ ይችላልና።

በቀጣዩ ጊዜ ያ መልእክት ስልካችሁ ላይ ሲመጣ «የማን ነው?» ብላችሁ ለላከው መልሳችሁ ጻፉለት። መልስ ከሌለው ከእናንተ አይለፍ። የማይስማማ ካለ ይጻፍልኝ፣ እንከራከራለን።

ቸር ይግጠመን። ሻባት ሻሎም!