ከካሜራው ጀርባ፦ ቤተሰቡ ሙሉውን የሚገባበት ሌንስ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሌንስ ነው። ካሜራ የሌላችሁም አትለፉት፤ ነገ ለልጃችሁ ክርስትና ፎቶ አንሺ ስትጠሩ ይጠቅማችኋል።

እኛ የፎቶ ቡድኑ አባላት እዚህ ካኩማ ውስጥ በጋራ የምንሠራበት አንድ ካኖን 1100ዲ ካሜራ አለን። ሌንሱ ግን ከካሜራው ጋር የመጣ አይደለም፤ ከድሮ የፊልም ካሜራ ላይ የተወረሰ 28-80 ነው። ለጉርድ ፎቶ እንከን አይወጣለትም። እኛም "ሌንስ ሌንስ ነው፣ ምን ቸገረን" እያልን ስንሠራበት ቆየን።

አንድ ቀን አንድ ቤተሰብ ጠራን። የበኩር ልጃቸው ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድበት ቀን ደርሷል። አያትን ጨምሮ ዘጠኝ ናቸው። እናትየው "ውጭ አይሆንም፤ እማማ ከወንበራቸው አይነሱም። እዚሁ ቤታችን ውስጥ፣ ረከቦቱ እንደተዘረጋ አንሱን" አሉ። እሺ ብለን ሰዎቹን በሁለት ረድፍ አሰለፍን። በካሜራው ስናይ ግራና ቀኝ ያሉት ተቆርጠዋል። ወደ ኋላ ሄድን፤ ጀርባችን ከጭቃው ግድግዳ ጋር ተጣበቀ። አሁንም አይገቡም። ከበሩ ውጭ ወጥተን ብንሞክር ደግሞ የበሩ መቃን በሁለት በኩል ገባና ሰዎቹን ሸፈናቸው። መጨረሻ ላይ ምን አደረግን? ቤተሰቡን ለሁለት ከፍለን አነሳን። ልጁን ከአያቱ ጋር ለብቻቸውም አንስተናቸዋል። ዘጠኙ በአንድ ላይ ያሉበት ፎቶ ግን አልወጣም። ልጁ በሳምንቱ ሄደ።

ጥፋቱ የኛ ነው፤ የቤቱ ጥበት አይደለም። ዕቃችንን አላወቅነውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ተቀምጠን አጠናነው፤ የተማርነውን እንንገራችሁ።

የፊልሙ አንድ ፍሬም 36 ሚሊ ሜትር በ24 ነበር። እንደኛ ባሉ ካሜራዎች ውስጥ ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰር ግን ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ክሮፕ ሴንሰር የሚባለው ይሄ ነው። ሌንሱ የሚያመጣው ምስል ያው ነው፤ ሴንሰሩ ግን መሃሉን ብቻ ወስዶ ዳር ዳሩን ይተወዋል። ስለዚህ በካኖን 1.6፣ በኒኮን ደግሞ 1.5 ማባዛት ነው። የኛ 28 በፊልም ላይ ሰፋ ያለ ነበር፤ በዚህ ካሜራ ላይ ግን 45 ሆኖ ቁጭ አለ። ለሰው ፊት እንጂ ለቤት ውስጥ አይሆንም።

አሁን ማንም ሊሠራው የሚችል ሂሳብ እንስጣችሁ። ከካሜራው እስከ ሰዎቹ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ በ22 አባዙት፤ በሌንሱ ሚሊ ሜትር አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ስፋት በሜትር ነው። (ለኒኮን በ22 ፈንታ 23.5 አድርጉት።) በዚያ ቤት ርቀታችን ሁለት ሜትር ተኩል ነበር። በ28 ስታሰሉት ሁለት ሜትር እንኳን አይሞላም። አንድ ሰው ትከሻው ግማሽ ሜትር ይወስዳል ብንል በአንድ ረድፍ አራት ሰው ማለት ነው፤ ለዚያውም አንዱ ከአንዱ ተጣብቆ። በ18 ቢሆን ሦስት ሜትር፣ ስድስት ሰው። በ10 ቢሆን አምስት ሜትር ተኩል። አያችሁ? ከ28 ወደ 18 ያለችው ትንሽ የምትመስል ልዩነት አንድ ቤተሰብ ታስገባለች።

ገንዘብ አዋጥተን ሰፊ ዙም ለመግዛት ስንነሳ ግን ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን "ከገዛን አይቀር በጣም ሰፊውን፣ በ2014 የወጣውን የካኖን 10-18 እንግዛ" አልን። ቀላል ነው፤ 240 ግራም ብቻ። የቀሩት ደግሞ "የለም፣ ተራው 18-55 ይበቃናል" አሉ። ክርክሩ ለሁለት ቀን ቀጠለ። በመጨረሻ አንዱ ወንድማችን ሜትር ይዞ ተነሳና ብዙ ጊዜ የምንጠራባቸውን ቤቶች ለካቸው። አብዛኞቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ናቸው። ለነዚህ 18 ይበቃል። በዚያ ላይ በ10-18 የጉርድ ፎቶ ማንሳት አይቻልም፤ ፊት ለማጉላት ሲጠጉ አፍንጫ ይረዝማል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። እንጀራችን ደግሞ ጉርድ ፎቶ ነው! 18-55 ሁለቱንም ይሠራል። ደግሞም ካሜራው ላይ ያለው ፍላሽ የሚያዳርሰው እስከ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ10 ስታነሱ ዳር ዳሩ ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ 18-55 አሸነፈ።

ይህ ማለት 10-18 መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የመማሪያ ክፍል፣ አዳራሽ ወይም የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሙሉውን ማሳየት ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ሌላ ሌንስ ላለው ሰው ግን ሁለተኛ እንጂ ብቸኛ አይሁን። ሠርግ በማታ ለሚያነሳ ደግሞ እንደ ታምሮን 17-50 ኤፍ 2.8 ያለው ይሻላል፤ ሲያጎሉበት ከ18-55 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ዋጋውም ክብደቱም ይጨምራል፤ እንደ አቅም ነው።

ከኛ ካምፕ ወጥቶ ናይሮቢ ድረስ ሄዶ ሌንስ መምረጥ ቀላል አይደለም። ዕቃው በሰው እጅ ይመጣል፤ ከመጣ በኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ ለሚገዛላችሁ ሰው ይህን ጽፋችሁ ላኩለት። አንደኛ፣ የካሜራውን ስም። ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት ያለበት የካኖን ሌንስ የሚገባው ለክሮፕ ካሜራ ብቻ ነው፤ ቀይ ነጥብ ያለበት ለሁለቱም ይገባል። ኒኮን ዲ3100 ወይም ዲ5100 ያላችሁ፣ "ኤኤፍ-ኤስ" የሚል ይሁን፤ አለዚያ በእጃችሁ ነው የምታጠሩት። ሁለተኛ፣ የካኖን ከሆነ በጎኑ ላይ "ስታቢላይዘር" የሚል ማብሪያ ይኑረው። 18-55 ያለዚህም ይሸጣል። የእጅን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ እስክስታ የሚመታ ሰው ግን አያቆምም፣ አትሸወዱ። ሦስተኛ፣ አሮጌ ከሆነ በመብራት አሻግሮ ይየው። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ይተወው። ዙሙን ሲያዞረው አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ከተንኳኳም ይተወው። አራተኛ፣ ከመክፈሉ በፊት በ18ም በ55ም አንድ አንድ ፎቶ አንስቶ በስልክ ይላክላችሁ።

ሌንሱ ሲመጣ ደግሞ አነሳሱን አስተካክሉ። በሰፊ ሌንስ ዳር የቆመ ሰው ወደ ጎን ይለጠጣል። ስለዚህ ሰዎቹን ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ዳርና ዳር ትንሽ ባዶ ተዉ። ረድፉን እንደ ጨረቃ ጎበጥ አድርጉት። ካሜራውን በተቀመጡት ሰዎች ራስ ቁመት ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ወደ ታች ካዘነበለ ግድግዳው የሚወድቅ ይመስላል። በሩን ክፈቱና ሰዎቹ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ ያዙሩ። ስትጨርሱ ሌንሱን ሸፍኑት፤ ውጭ አቧራ ላይ አትቀይሩት።

የኛ 18-55 በቅርቡ ደርሶናል። መጀመሪያ የሞከርነው በዚያው ቤት ነው። እናትየው ቡና አፈሉልን። ጀርባችንን ከዚያው ግድግዳ ጋር አጣብቀን አነሳን። ስምንቱም ገቡ፤ አያትም ከነወንበራቸው፣ ረከቦቱም ጭምር። ዳር ላይ ደግሞ ቦታ ተርፏል። እናትየው በካሜራው መስታወት ላይ ትንሽ ሲያዩ ቆዩና "ለካ እሱም ይገባ ነበር" አሉ። እኛም መልስ አልነበረንም፤ ፎቶውን አጥበን ለልጁም ላክንለት።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ቤቱን ለኩ። የሚሄድ ሰው ካለ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ጥሩን፤ ሜትራችንን ይዘን እንመጣለን። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።