ሳምንቱን ማን አሳጠረው?

ለክቡር ቶኒ ፔቲቲ
የቢግ ቴን ኮንፈረንስ ኮሚሽነር
ሮዝሞንት፣ ኢሊኖይ

ጉዳዩ፦ የዕረፍት ቀንንና የጉዞ ርቀትን ስለሚያዛባው የአሜሪካ ፉትቦል መርሐ ግብር

ክቡር ኮሚሽነር፣

ኮንፈረንሱ እንዴት 18 ቡድን እንደደረሰ፣ ምድቦቹ ለምን እንደፈረሱ፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ጋር ምን እንደተፈረመ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። እሱን ልተርክልዎ አልጻፍኩም። በቀጥታ ወደ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 እሄዳለሁ።

ዕለቱ ዓርብ ነው። በእኛ ዘንድ መስከረም 17፣ መስቀል። ሲያትል ውስጥ ቤቴ ቄጤማው እንደተጎዘጎዘ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ በእናንተ አቆጣጠር 5 ሰዓት፣ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ኒው ጀርሲ ላይ ከረትገርስ ጋር ሊጫወት ነው። ያው ቡድን ቅዳሜ ሴፕቴምበር 21 እዚሁ ሲያትል ኖርዝዌስተርንን 24 ለ 5 አሸንፏል። በመካከሉ ስንት ቀን እንዳለ ይቁጠሩት። ቅዳሜ ሲጋጭ የዋለ አካል ሰባት ቀን እንደሚያስፈልገው ማንም ወጌሻ ይነግርዎታል። እነዚህ ልጆች ግን አንድ ቀን ተቀነሰባቸው። ከቀሩትም ላይ 2,400 ማይል ገደማ የሚሆን በረራ ተነሳ፤ ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ ከመብረር ብዙም አይተናነስም። የሦስት ሰዓት የሰዓት ልዩነትም ተጨመረበት።

ሌላም አለ። የዩኒቨርሲቲው አዲስ ትምህርት የጀመረው በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ ሴፕቴምበር 25 ነው። ልጄ እዚያ ትማራለች፤ ረቡዕ የመጀመሪያ ክፍሏን ገባች። ተጫዋቾቹም እንደ እሷ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርት በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ግን በአህጉሩ ሌላኛው ጫፍ ተሰልፈው ነበር።

21 ለ 18 ተሸነፉ። ከ500 ያርድ በላይ ተጉዘው፣ ተጋጣሚያቸውን በያርድ እጅግ በልጠው ተሸነፉ። ምት ስተዋል፤ አልክድም። ምቱን የሳተው የአንድ ልጅ እግር ነው፤ ሳምንቱን ያሳጠረው ግን የልጁ እግር አይደለም።

«ረትገርስም ቅዳሜ ተጫውቶ ነበር፤ ሳምንቱ ያጠረው ለሁለቱም ነው» ትሉ ይሆናል። ተጫውቷል። ቨርጂኒያ ሄዶ፣ ከሰዓት ክልሉ ሳይወጣ ተመልሶ፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ጠበቀን። ይህን እኩልነት የሚል ሰው እስቲ ሻንጣውን ይዞ ከእነዚያ ልጆች ጋር ይሳፈር።

ክቡር ኮሚሽነር፣ ነገሩ የአንድ ቀን ስህተት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። በዚያው ዓመት ሚሺጋን ስቴት ቅዳሜ ከኦሃዮ ስቴት ጋር ተጋጥሞ፣ ዓርብ ኦክቶበር 4 ኦሬገን ላይ 31 ለ 10 ተሸነፈ። ኦሬገን ራሱ ከኦሃዮ ስቴት ጋር ተናንቆ ባሸነፈ በስድስተኛው ቀን ኢንዲያና ግዛት ወዳለው ፐርዱ ተላከ። ከዚያ፣ መስከረም ላይ በእኛ ድካም የተጠቀመው የረትገርስ ተራ ደረሰ፤ ዓርብ ኦክቶበር 25 ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዶ በዩኤስሲ 42 ለ 20 ተቀጣ። ዓርብ ኖቬምበር 8 አይዋ በዩሲኤልኤ 20 ለ 17። ከእኛው ጋር አምስት ጉዞ፣ አራት ሽንፈት። ያሸነፈው ኦሬገን ብቻ ነው፤ እሱም ያን ዓመት በመደበኛው ውድድር ያልተሸነፈ ቡድን ሆኖ ሳለ የገጠመው በዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያሸነፈውን ፐርዱን ነው።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ የሲያትል ሰው ለቡድኑ አለቀሰ እንዳትሉ። አይዋም ተበድሏል፣ ሚሺጋን ስቴትም ተበድሏል። በኮለምበስ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሜሪላንድ ያላችሁ ልጆቻችሁን የምትልኩት ወደዚሁ ኮንፈረንስ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። አብዛኞቹም እናንተ በምትከፍሉት ግብር የሚደገፉ የሕዝብ ተቋማት ናቸው። ልጆቹ የእናንተ ናቸውና መርሐ ግብሩም ይመለከታችኋል።

ወደ እኛ ልመለስ። ኦክቶበር 12 አይዋ ላይ፣ ኦክቶበር 26 ኢንዲያና ላይ፣ ሁለቱም ጨዋታዎች የተጀመሩት በሲያትል ሰዓት ጠዋት 9 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ገና 3 ሰዓት። ልጆቹ የተነሱት ሳይነጋ ነው። የዓመቱ የኮንፈረንስ ውጤታችን አራት ድል፣ አምስት ሽንፈት ነበር። አራቱም ድል በሜዳችን፣ አምስቱም ሽንፈት ከሜዳችን ውጪ።

በሚቀጥለው ዓመት ይታረማል ብለን ጠበቅን። በ2025 ቅዳሜ ኦክቶበር 4 ሜሪላንድ ድረስ ላካችሁን፤ ዓርብ ኦክቶበር 10 ደግሞ ሲያትል ላይ ከረትገርስ ጋር አሰለፋችሁን። ሁለቱንም አሸነፍን። ሜሪላንድን 20 ለ 0 ከመመራት ተነስተን 24 ለ 20 ስንረታ እንባዬ መጥቷል። ድላችን ግን የልጆቹ ጉልበት እንጂ የመርሐ ግብሩ ምስክር አይደለም።

«ምድቡን አፍርሰን ሁሉንም እኩል አደረግን» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ከ2014 እስከ 2023 የነበሩት የምሥራቅና የምዕራብ ምድቦች መፍረሳቸው ልክ ነው፤ አሥሩንም የፍጻሜ ጨዋታ የምሥራቁ ተወካይ እየወሰደ ሚዛን አልነበረም። በምትኩ የመጣው ግን 18 ቡድንና ዘጠኝ ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን ከቀሩት ስምንቱን ሳያይ ዓመቱ ያልቃል። በ2024 ፔን ስቴትና ኢንዲያና እኩል ስምንት አሸንፈው አንድ ተሸነፉ፤ ሁለቱንም ያሸነፋቸው ኦሃዮ ስቴት ነው፤ እርስ በርሳቸው አልተገናኙም። ለፍጻሜ ያለፈው ፔን ስቴት ሆነ፤ የኢንዲያና ልጆች በገዛ ግዛታቸው፣ ኢንዲያናፖሊስ የተደረገውን ፍጻሜ በተመልካችነት አሳለፉት። ለአይዋ በየዓመቱ የማይቀሩ ሦስት ጎረቤቶች ተጠብቀውለታል፤ ለዋሽንግተን ኦሬገን ብቻ። ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ቡድኖች ከእኛ ጋር በየዓመቱ እንዲገናኙ ማን ከለከለ?

ገንዘቡም አለ። ዋሽንግተንና ኦሬገን ሲገቡ እንደተዘገበው ድርሻቸው በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከነባሮቹ ግማሽ ያህል። ረጅሙ መንገድ ለእኛ፣ አጭሩ ድርሻም ለእኛ።

መጀመሪያ ልጠይቅ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከሁለት የሰዓት ክልል በላይ የሚያቋርጥ ቡድን ሰባት ሙሉ ቀን ሳያገኝ አይሰለፍ፤ ሲመለስም እንዲሁ። ዛሬ ይህ አይበቃኝም። ስድስት ስድስት ቡድን የያዙ ሦስት ምድቦች ይዋቀሩ፤ ጉርብትናም ጥንካሬም አብረው ይመዘኑ፤ የየምድቡ ቡድኖች ሁሉ እርስ በርስ ይጫወቱ። የምዕራብ ልጆች በራሳቸው ሰዓት ከጠዋቱ 9 ሰዓት መጫወታቸው ይቅር። የተበላለጠው የገቢ ድርሻ ይስተካከል። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚጫወቱት የመረብ ኳስ ሴቶቻችን የዓርብ ምሽት ማስታወቂያ ስለሌላቸው አይረሱ፤ የእነሱም ጉዞ በዚሁ ደንብ ይገዛ። መርሐ ግብሩ የሚወጣበት ቀመር ለሕዝብ ይገለጥ፤ ቴሌቪዥን ጣቢያ የቀየረው ጨዋታ ካለ፣ ማን እንደጠየቀና ማን እንደፈቀደ ይጻፍበት። መርሐ ግብሩ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያም ተጫዋቾች ድምፅ ይኑራቸው።

መልስዎ ለእኔ ብቻ እንዲላክ አልጠይቅም። ሁሉም በሚያነበው መልክ ይውጣ፤ የሚቀጥለው የዓርብ ጨዋታ ከመቆረጡ በፊት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲያትል ነዋሪና የተማሪ አባት